ሰሙ ሴንሰር፣ ወርቁ ሽቦ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በሙቀት ምክንያት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። አፄ ምኒልክ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ሲያደርጉ የመረጡት ለመከላከል የሚመች፣ ዙሪያውን የሚያሳይ ተራራ ነበር። ለጦር ሰው ጥሩ ቦታ ነው። ለመኖር ግን ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል፣ ውኃው ሩቅ ነው፣ የማገዶው ዛፍም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ወደ ፍልውኃ እየወረዱ መታጠብ ጀመሩ። ከፍልውኃ በላይ ቤት ተሠራ፣ ቦታው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ፣ ከተማውም ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወረደ።

ያን ጊዜ ሙቀቱን የለካው የሰው ገላ ነው። እንጦጦ ይበርዳል፣ ፍልውኃ ይሞቃል፣ በቃ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት ግን እዚያው ተራራ ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አለ፣ አጠገቡም የንጉሡ የቀድሞ ግቢ ይጎበኛል። ዘውዱ ላይ፣ ኑሮው ታች። አዲስ አበባ ከመነሻዋም ዳገትና ቁልቁለት ያላት ከተማ ናት።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዳገት ነው። በተለይም ዳገቱ ዛሬ መኪና ላይ ስለሚያደርገው ነገር፣ መኪናውም ስለ ራሱ ሙቀት ስለሚናገርበት ትንሽ ዕቃ፣ ዕቃው ሲዋሽ ወይም ዋሸ ሲባል ማን እንደሚከስር። እኔ ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ነኝ፤ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። ታሪክ የማነበው ማሽኖች እንዴት እዚህ እንደደረሱ ማወቅ ስለምወድ ነው። አገራችን ውስጥ የማሽን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው “ማን አመጣው” ተብሎ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ሌላው ጥያቄ ነው፦ ከመጣ በኋላ ሲታመም ማን አወቀው?

የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከጂቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ለምኒልክ አደረሰው። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ከተማዋ ሞተር አታውቅም ማለት አይደለም፤ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ “የሰርኪስ ባቡር” ተብሎ በሕዝብ አፍ ገብቷል። መኪናው ግን ሌላ ዓይነት እንግዳ ነበር። ባቡሩን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ አብሮ ይመጣል፤ መኪና ግን ባለቤቱ ቤት ያድራል። ባለቤቱ ቤት ያደረ ነገር ደግሞ እዚያው ይታመማል።

ምኒልክ ይህ የገባቸው ይመስላል። መኪናውን ተቀብለው ዝም አላሉም፤ ሆልትስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሙያውን እንዲማሩ ኢትዮጵያውያን አብረው እንዲሄዱ አደረጉ። ከነዚያ አንዱ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ናቸው። ተሰማ ጀርመን ሄደው መንዳትና መጠገን ተማሩ። እዚያው እያሉ ደግሞ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ እስካሁን ከሚታወቁት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች ቀዳሚዎቹ የሳቸው ናቸው። አንዳንድ አንባቢ ልጃቸውን ይድነቃቸው ተሰማን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩትን፣ በይበልጥ ያውቅ ይሆናል። አባትየው በቅኔና በግጥም የታወቁ ነበሩ።

እስቲ ይሄን ቆም ብለን እናስበው። የመኪና መካኒክነትን ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ባለቅኔ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ነው ሞተር እንዲያዳምጥ የተላከው። ለኔ ይሄ የአጋጣሚ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፤ የተባለውና የተፈለገው አንድ ላይሆን ይችላል። ጥገናም ከዚህ የራቀ ሙያ አይደለም። ማሽን የሚናገረው ሰሙን ነው፤ ወርቁን የሚያወጣው መካኒኩ ነው።

ከተሰማ በኋላ የመጣው የጋራዥ ቋንቋ በአብዛኛው የጣሊያን ነው። አምስት ዓመት የቆየው ወረራ መንገድ፣ ካሚዮንና ኦፊቺና ይዞ መጣ፤ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ ወታደሩ ሄደ፣ ቃሉ ቀረ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ባልስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። የዛሬው ርዕሳችን የሚቀመጥበት የብረት ሳጥንም “ካምቢዮ” ነው። እነዚህን ቃላት የያዙ ልጆች ጋራዥ ውስጥ ፒንሳ በማቀበል ጀምረው ሙያ ያዙ፤ ሌሎቹ እንደ ተግባረ ዕድ ባሉ ትምህርት ቤቶች ተማሩ። ቃሉ የባዕድ ቢሆንም እውቀቱ የራሳቸው ሆነ።

ያ እውቀት በገላ የሚሠራ ነበር። አሮጌ መካኒክ ሙቀት የሚለካው በመዳፉ ነው፤ ካምቢዮው ላይ እጁን አሳርፎ ስንት መቁጠር እንደቻለ ያያል። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ያሻዋል፣ ያሸተዋል። የተቃጠለ ዘይት የራሱ ሽታ አለው፤ አንዴ ያሸተተው አይረሳውም። ከሴቼንቶ ታክሲ እስከ ላዳ፣ ከላዳ እስከ ሚኒባስ የከተማው መኪና ከሞላ ጎደል ባለ ፍሪሲዮን ስለነበር ይህ ይበቃ ነበር። ማርሽ የሚቀይረው ሹፌሩ ነው። ካምቢዮው የሚያስብ አካል የለውም፤ የማያስብ ነገር ደግሞ አይሳሳትም፣ ይሰበራል እንጂ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ በሌላው ዓለም ዕድሜ ጠገብ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ለ1940 (እ.ኤ.አ.) የኦልድስሞቢል ሞዴል ገጥሞ ለገበያ ሲያቀርብ እኛ ገና በወረራ ሥር ነበርን። ያ ካምቢዮ ግን ኮምፒውተር የለውም። ማርሹን የሚቀይረው የዘይት ግፊት ነው፤ በፍጥነትና በነዳጅ አረጋገጥ የሚገፉ ትንንሽ ቫልቮች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ያሸነፈው ይወስናል። እንደ ሶፍትዌር ሰው ሳየው ያስደንቀኛል፤ ከዘይትና ከብረት ብቻ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ችግሩ ዘይቱ ሲበርድ ወፍራም፣ ሲሞቅ ቀጭን መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ እንደ አየሩ ጠባይ ይለወጣል።

ማርሽ የመቀየሩ ሥራ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ኮምፒውተር እየዞረ ሲመጣ፣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ማወቅ ካለበት ነገር አንዱ ይኸው የዘይት ሙቀት ሆነ። መልሱ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ተገኝቷል። ማይክል ፋራዴይ በ1833 (እ.ኤ.አ.) የብር ሰልፋይድ ሲመረምር የሚገርም ነገር አየ፤ እንደ ብረት ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ መቀነስ ሲገባው ይጨምራል። በ1930 አካባቢ አሜሪካዊው ሳሙኤል ሩበን ይህን ጠባይ ለሥራ የሚሆን ዕቃ አደረገው። ቴርሚስተር እንለዋለን። የምስር ፍሬ የምታክል፣ ሁለት ሽቦ ያላት ነገር ናት። ስትበርድ ኤሌክትሪኩን ትከለክላለች፣ ስትሞቅ ትለቃለች። ሌላ የምታውቀው ነገር የላትም።

ሥራው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልካል፣ ተመልሶ ያገኘውን ያነባል። ዘይቱ ከበረደ ቴርሚስተሯ ትዘጋለች፣ ቮልቴጁ ከፍ እንዳለ ይቀራል። ከሞቀ ትከፍታለች፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ቮልቴጁን በሠንጠረዥ ወደ ዲግሪ ይመነዝራል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ ኮምፒውተሩ ሙቀት አያይም። ቮልቴጅ ነው የሚያየው። ሽቦው መንገድ ላይ ቢቆረጥ ቮልቴጁ እንዳለ ይቀራል፤ ለኮምፒውተሩ ይሄ ከከባድ ብርድ አይለይም። ሽቦው ተልጦ ከመኪናው ገላ ጋር ቢነካካ ቮልቴጁ ዜሮ ይገባል፤ ያ ደግሞ ከእሳት አይለይም።

ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም የቤት መኪና ሕመሙን በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲናገር ግዴታ ሆነ። አውሮፓና ሌላውም ተከተሉ። የካምቢዮ ዘይት ሙቀትን የሚመለከቱት ቁጥሮች ከፒ 0710 እስከ ፒ 0714 ናቸው። ፒ 0710 የሰርኪዩቱ ችግር ነው። ፒ 0711 ቁጥሩ ይመጣል ግን አያሳምንም ማለት ነው። ፒ 0712 ቮልቴጁ ከመጠን በታች፣ ፒ 0713 ከመጠን በላይ፣ ፒ 0714 ደግሞ መጣ ሄደ የሚል ነው። ሁሉም “ሰርኪዩት” የሚል ቃል እንደያዙ ልብ በሉ። ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላሉም፤ ካምቢዮው ሞቷልማ ጨርሶ አላሉም። ያሉት “ከዚህ መስመር የሚደርሰኝ ወሬ ልክ አልመሰለኝም” ብቻ ነው። ሰሙ ሴንሰር ነው። ወርቁ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ዘይት፣ ሴንሰር ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ መኪኖች አዲስ አበባን የሞሉት በኛ ዕድሜ ነው። ትንንሾቹ የጃፓን መኪኖች፣ እነ ቪትዝና ያሪስ፣ ሌላ አገር ብዙ ዓመት ከሠሩ በኋላ ገቡ። አብዛኞቹ የተሠሩት ለሜዳ አገር ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ እንጦጦ ማርያም ለሚደርሰው ዳገት ማንም አላሰበላቸውም። እንጦጦ አናት ላይ ከፍታው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ያጣል። ጉልበት ያጣ ሞተር ዳገት ላይ ይጮሃል፤ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ዘይቱን እየናጠ ይንሸራተታል። የተናጠ ዘይት ይሞቃል። ማቀዝቀዝ የነበረበት አየር ደግሞ ያው ስስ አየር ነው። የእንጦጦ ብርድ ሰውን ያንቀጠቅጣል፤ ካምቢዮን ግን አያበርድም።

አንድ የማውቃቸው ሰው፣ ጋሼ ልበላቸው፣ ከኪዳነ ምሕረት ከፍ ብሎ ይኖራሉ። በትንሽ አውቶማቲክ መኪና ሰው እያመላለሱ ነው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት። አንድ ሰሞን መኪናዋ ሜዳ ላይ እንኳ ከፍተኛውን ማርሽ እምቢ አለች። ሞተሩ ይጮሃል፣ ነዳጅ ትበላለች፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በራ። አንድ ጋራዥ ወሰዷት። ልጁ ስካነሩን ሰካ፣ ስክሪኑ ላይ “ትራንስሚሽን” የሚል ቃል አነበበና ፍርዱን ሰጠ፦ “ጋሼ፣ ካምቢዮው ነው። ሙሉውን መቀየር ነው።” ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ የሚያመጣ ሰው እንደሚያውቅም ነገራቸው። ዋጋው ጋሼ ስድስት ወር ሠርተው የማያጠራቅሙት ነው።

በዚህ አገር እዚህ ጋ ነው ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው። ሰው ይበደራል፣ ዕቁብ ቀድሞ እንዲወጣለት ይለምናል፣ ወይ መኪናውን እንዳለች በርካሽ ይሸጣል። ጋሼ ግን መጠየቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ መንገድ ዳር የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከሳቸው የገፋ መካኒክ ጋ ሄዱ። መካኒኩ መኪናዋን ከማየታቸው በፊት አንድ ነገር አዘዙ፦ “ዛሬ አልነካትም። ሌሊቱን ሳትነሳ ትደር፤ ነገ በጠዋት እኔ እመጣለሁ። እስክመጣ ቁልፍ እንዳታስገባ።”

ይሄ ትእዛዝ ምስጢር አይደለም፤ ንጹህ ፊዚክስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳትነሳ ያደረች መኪና ሁሉ ነገሯ አንድ ሙቀት ይሆናል። የሞተሩ ውኃ፣ የሚገባው አየር፣ የካምቢዮው ዘይት ሁሉም የውጭውን አየር መምሰል አለባቸው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ ሦስቱን ቁጥር ጎን ለጎን ማየት ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ውሸታሙ እሱ ነው። ሦስት ምስክር አንድ ላይ ሲጠየቅ እንደማለት ነው፤ መሣሪያም ሆነ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት እንጂ።

ጠዋት ቁልፉ ተከፈተ። የሞተሩ ውኃ 9 ዲግሪ፣ የሚገባው አየር 9 ዲግሪ፣ የካምቢዮ ዘይት ከዜሮ በታች 40። መካኒኩ ሳቁ። “እንጦጦ እንዲህ በርዶ ቢያውቅ ምኒልክም አንድ ሌሊት አያድሩባትም ነበር” አሉ። ከዜሮ በታች 40 የሙቀት ቁጥር አይደለም፤ በብዙ መኪና የሠንጠረዡ የመጨረሻ ጫፍ ነው። ኮምፒውተሩ “ምንም አይሰማኝም” የሚለው በዚህ ቁጥር ነው። የተመዘገበው ኮድም ፒ 0713 ነበር፣ ቮልቴጁ ከመጠን በላይ። የሆነ ቦታ መስመሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጥያቄው “የት?” ሆነ። መካኒኩ ካምቢዮው ላይ ያለውን ሶኬት ነቀሉ፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄዱትን ሁለት የሴንሰር ሽቦዎች ለይተው በአጭር ሽቦ አገናኟቸው። ስካነሩ ላይ ያለው ቁጥር ከዜሮ በታች 40 ተነስቶ ወደ ላይኛው ጫፍ ዘለለ። በዚህ አንድ ሙከራ ኮምፒውተሩ ደህና እንደሆነ፣ እስከ ሶኬቱ ያለውም ሽቦ ደህና እንደሆነ ታወቀ። ጥርጣሬው ግማሽ ሆነ። እኛ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ስንፈልግ የምናደርገው ይሄንኑ ነው፤ መስመሩን መሐል ላይ ቆርጦ የትኛው ወገን እንደታመመ መጠየቅ።

ከዚያ ቴስተራቸውን አውጥተው በካምቢዮው በኩል ያለውን ለኩ። በብዙ መኪና ይህ ሴንሰር በክፍል ሙቀት ጥቂት ሺህ ኦም፣ ዘይቱ ሲግል ጥቂት መቶ ኦም ያሳያል፤ ትክክለኛው ቁጥር በየመኪናው ይለያያል። የጋሼ መኪና በጠዋቱ ብርድ የሚጠበቀውን ያህል አሳየች። ሴንሰሩ ደህና ነው! ኮምፒውተሩም፣ ሽቦውም፣ ሴንሰሩም ደህና ከሆኑ የቀረው መገናኛቸው ብቻ ነው። ሶኬቱን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት አንዷ ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ሞተር በኃይለኛ ውኃ ሲታጠብ የገባ እርጥበት ነው ብለው ገመቱ። ጠረጉት፣ የላላችውን ፒን አጠበቁ፣ ሶኬቱን መለሱ። ስካነሩ 10 ዲግሪ አለ።

ሴንሰሩ ዝም ሲል መኪናዋ ለምን እንዲያ ሆነች? ኮምፒውተሩ የዘይቱን ሙቀት ሲያጣ ወይ የመጣለትን ቁጥር ያምናል፣ ወይ አላምንም ብሎ ጥንቃቄ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም መንገድ ዘይቱ ሞቆ ሥራ እስኪጀምር እንደሚጠብቅ ሆኖ ከፍተኛውን ማርሽና የኮንቨርተሩን መቆለፊያ ሊከለክል ይችላል። መቆለፊያው ካልያዘ ኮንቨርተሩ ይንሸራተታል፤ ከተንሸራተተ ዘይቱ በእውነት ይሞቃል። ስለዚህ “በርዷል” የሚል የውሸት ወሬ እውነተኛ ግለት ይፈጥራል። ይህች አረንጓዴ ፒን እንጦጦ ላይ ወራት ብትቆይ ኖሮ ዘይቱን አቃጥላ ካምቢዮውን መግደል ትችል ነበር። ያኔ ያ የመጀመሪያው ልጅ ትክክል ይሆን ነበር፤ ግን በስህተት ምክንያት።

መካኒኩ በዚህ አላበቁም። መኪናዋ ተነድታ ስትሞቅ ቁጥሩ ሳይዘል ቀስ እያለ መውጣቱን አዩ። ይሄ ሦስተኛው ምስክርነት ነው፤ ጤነኛ ዘይት በደቂቃዎች ይሞቃል እንጂ በአንድ ሰከንድ 60 ዲግሪ አይዘልም። ሲሞቅ አብዛኛው ካምቢዮ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ይሠራል። ከዚያ የዘይቱን መጠን ለኩ፣ ቀለሙን አዩ፣ አሸተቱት። መጠኑን መጨረሻ ላይ የለኩት በምክንያት ነው፤ ዘይት ሲሞቅ ስለሚያብጥ ብዙ መኪና መጠኑ የሚለካው በተወሰነ ሙቀት ላይ ነው። ሙቀቱን የሚነግረን ከዋሸ መጠኑም ውሸት ይሆናል።

እዚህ ላይ የውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ አንብቦ የሚሠራ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ልጨምር። ሴንሰር ተፈትቶ ሲወጣ የተለመደው ምርመራ በፈላ ውኃ ውስጥ አስገብቶ መለካት ነው፤ መጽሐፉ በ100 ዲግሪ ይህን ያህል ኦም ይላል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። መሐል ከተማ 92 ዲግሪ አካባቢ፣ እንጦጦ ላይ ወደ 90 ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ለምን እንደሚዘገይ ማንም እናት ታውቃለች። በ10 ዲግሪ ልዩነት ቴርሚስተሯ ከመጽሐፉ ወደ ሩብ ያህል ከፍ ያለ ኦም ልታሳይ ትችላለች። ይህን ያላሰበ ሰው ደህናውን ሴንሰር “ተበላሽቷል” ብሎ ይጥለዋል፤ አዲስ ገዝቶ ቢለካውም ያንኑ ያሳየዋል። መጽሐፉ አልዋሸም። የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ሆኖ ነው እንጂ።

ሌላም የከፋ መንገድ አለ። ቴርሚስተሯን ቆርጦ በቦታዋ ቋሚ ሬዚስተር መበየድ ይቻላል። ርካሽ ነው። ኮምፒውተሩ ለዘለዓለም “80 ዲግሪ ነው፣ ሰላም ነው” የሚል ወሬ ይሰማል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ደንበኛው ይደሰታል። እኛም ዘንድ ይሄ ኃጢአት አለ፤ ስህተቱን ከማረም የስህተቱን መልእክት ማፈን። ፕሮግራሙ ዝም ይላል፣ ማታ አለቃ ደስ ይለዋል፣ መረጃው ግን በጨለማ ይበላሻል። ያ መኪና አንድ ቀን በእውነት ሲግል የሚጮህለት የለም። ክፉ ወሬ የሚያመጣን መልእክተኛ ዝም ማሰኘት ከመኪና በፊትም የነበረ ልማድ ነው፤ ውጤቱም ያው ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ “የድሮ መካኒክ ያውቃል፣ የዛሬ ልጅ አያውቅም” የሚል ትምህርት ማውጣት ቀላል ነው። እኔ አልስማማም። ሽማግሌው ያሸነፉት በመዳፋቸው ብቻ አይደለም፤ ስካነር አንብበዋል፣ ቴስተር ይዘዋል፣ በወጣትነታቸው ስላልነበረ ዕቃ በዕድሜያቸው ማምሻ ተምረዋል። ወጣቱም የተሳሳተው ኮምፒውተር ስላመነ አይደለም። ኮምፒውተሩ ያለውን እስከ መጨረሻው ስላልሰማ ነው። ስካነሩ “የሰርኪዩት ቮልቴጅ ከፍ ብሏል” ብሎታል፤ እሱ “ካምቢዮ” የሚለውን ሰማ። ልጁ ላይ መፍረድ ግን ይከብደኛል። የገዛው ስካነር ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን በማያውቀው ቋንቋ ነው የሚጽፍለት። ሠንጠረዡ ያለበት የጥገና መጽሐፍ በገንዘብ ነው የሚገኘው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። የጣሊያኑን “ካምቢዮ” ቢያንስ ወስደን አማርኛ አድርገነዋል፤ ፒ 0713ን ገና አላደረግነውም።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የተሰማ እሸቴ ጉዞ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ነው። ምኒልክ መኪናውን ብቻ ቢያስቀሩ ኖሮ ሲበላሽ ግቢ ውስጥ የቆመ ብረት ይሆን ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ፈለጉ። መኪና ማስገባትና መኪናውን መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከመጀመሪያው መኪና ጋር ታውቋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መቶ ሺህ መኪና አስገባን፤ የመረዳቱን ሥራ ግን በአብዛኛው መንገድ ዳር ለሚሠሩ፣ ስማቸው የትም ለማይጻፍ ሰዎች ትተነዋል።

ጉዳዩ ከነዳጅ መኪና ጋር አብሮ የሚያልፍም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና በአብዛኛው ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ የለውም፤ እንጦጦን ሲወጣ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ቁልቁል ሲወርድ ጭራሽ ባትሪውን ይሞላል። ለዳገት ከተማ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ባትሪው ውስጥ ምን አለ? ያችው የፋራዴይ ዘር፣ ቴርሚስተር። አሁን አንድ ሳትሆን ብዙ ሆና የባትሪውን ሙቀት ትናገራለች። ኮምፒውተሩም እንደ በፊቱ ሙቀት አያይም፤ ቮልቴጅ ያያል። አንዷ ሶኬት ብትዝግ ባትሪው በርዷል ወይም ግሏል ብሎ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቻርጅ እምቢ ይላል። ያኔ አንድ ሰው ስካነሩ ላይ “ባትሪ” የሚል ቃል አንብቦ ሙሉውን መቀየር ነው ሊል ይችላል። የባትሪ ዋጋ ደግሞ ከካምቢዮ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ እነዚያ የጠዋት ጥያቄዎች አብረውን መሻገር አለባቸው። መኪናዋ አድራ ሌሎቹ ሴንሰሮች ምን ይላሉ? መስመሩ መሐል ላይ ሲቆረጥ የታመመው የትኛው ወገን ነው? ቁጥሩ እንደ ሙቀት ቀስ ብሎ ይወጣል ወይስ እንደ ሽቦ ይዘላል? በዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው ስንት ላይ ነው? እነዚህን በአማርኛ ጽፎ ጋራዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚያስከፍለው አንድ ወረቀት ነው። ጋሼ ያን ቀን ለመካኒኩ የከፈሉት የአንድ ቀን ገቢያቸውን እንኳ አይሞላም፤ በማግሥቱ ከሽሮ ሜዳ ሰው ጭነው ዳገቱን ወጡ።